ስልክ በሁለት እጁ የሚይዘው ሀይደር

ስልክ ሲደወልለት ከወንበሩ ብድግ የሚል ሰው የሌለበት ቤተሰብ በዚህ አገር የለም። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውዬው ምናልባት እናንተው ናችሁ።

ታውቁታላችሁ። ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ የደዋዩን ስም ያያል። ታላቅ ሰው ከሆኑ ማስቲካውን ከአፉ ያወጣል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል። ከዚያ ይነሳል። ስልኩን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ይይዝና፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ ሌላ ክፍለ አገር ለተቀመጡ፣ ምናልባትም ጋቢ ተከናንበው ለተጋደሙ ሰው እጅ ይነሳል። ያ ሁሉ አክብሮት ተደርጎላቸው አንዱንም ስለማያዩት እኔ የማዝነው ለደዋዩ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሰው ሊቀ መንበርና ቃል አቀባይ ጎረቤቴ ክቡር ሀይደር ናቸው። ጎሮ ላይ አንድ አጥር እንጋራለን። ወሎ ሰፈር፣ ጋራዦቹ መሀል፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው፤ ኩሽኔታ በሉት፣ ፊልትሮ በሉት፣ የፍሬን ሸራ በሉት፣ ሌላው ጋ የጠፋ እሳቸው ጋ ይገኛል። በንግድ ላይ ክቡርነታቸው ቀልድ አያውቁም። ዋጋ ቀንስልኝ ብሎ የሚለማመጥ ደንበኛ ሲመጣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት «ወንድሜ፣ ሌላ ቦታ ጠይቀህ ተመለስ» ይሉታል። ይሄዳል፤ ጠይቆም ይመለሳል። አንቱታውን እዚህ ላይ ብተወው ይሻላል፤ እኩያዬ ነው፣ ቢሰማኝ ይስቅብኛል።

ይኸው ደረቅ ነጋዴ ስልኩ ላይ የሽማግሌ ስም ሲያይ ሌላ ሰው ይሆናል። ገና ሳያነሳው «አቤት፣ አቤት» ማለት ይጀምራል። «ኧረ ሀይደር፣ አያዩህም እኮ» እለዋለሁ። «እሳቸው ባያዩኝ እኔ ራሴን አየው የለ እንዴ?» ይለኛል።

አንድ ቀን ከቦሌ ወደ ጎሮ በሚኒባስ አብረን ስንመለስ የሚስቱ የሸሪፋ አባት ደወሉ። ሚኒባስ ውስጥ እንደማይቆም የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። ብድግ ሲል ጭንቅላቱ ከጣሪያው ተላተመ። አንገቱን እንዳቀረቀረ ስልኩን በሁለት እጁ አቅፎ «አቤት አባባ» አለ። ረዳቱ የቆመ ሰው ሲያይ ጊዜ «ወራጅ አለ» ብሎ ሾፌሩን አስቆመው፤ በሩንም ከፈተው። ሀይደር «ወራጅ አይደለሁም» እንዳይል አማቱን ማቋረጥ ሊሆንበት ነው። ወረደ። እኔም ምን ቸገረኝ ብዬ የያዝኩትን ወንበር ትቼ ተከተልኩት። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ስልኩ ተቆርጧል። «ኔትወርኩ ነው» አለኝ ጭንቅላቱን እያሻሸ። የቀረውን መንገድ በእግራችን አዘገምነው።

ኔትወርኩ ነው። ይቺን ቃል ከሀይደር አፍ ያልሰማ ጎረቤት የለም። የሸሪፋ አክስት ሲደውሉ ይቆረጣል፤ ኔትወርኩ ነው። የመስጊዱ ኢማም ሲደውሉ ይቆረጣል፤ አሁንም ኔትወርኩ ነው። እኛም አመንን፤ ከኔትወርክ ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ማን አለ? የሚገርመው እኔ ስደውልለት ድምፁ ጎኔ የተቀመጠ ያህል ጥርት ብሎ መሰማቱ ነበር። ሸሪፋም ይህንኑ ታዝባለች። «ከእኔ ጋር ሲያወራ አንድም ቀን ተቆርጦበት አያውቅም» አለችኝ። «እንዲቆረጥ ዱዓ ያደረግኩበት ጊዜ ሁሉ አለ።»

ችግሩ ሽማግሌዎቹ ጋ ነው። እኔና እናንተ ስልክ ተቆረጠ እንላለን። ሽማግሌ ግን ስልክ ይዘጋበታል እንጂ አይቆረጥበትም። ከተቆረጠ የዘጋው ሰው አለ፤ የዘጋው ሰው ካለ ደግሞ ምክንያት አለው ማለት ነው፣ ምክንያቱም ንቀት ነው። በዚህ ስሌት ሀይደር፣ ሰው ሲያከብር ጣሪያ የሚገጨው ሀይደር፣ በዘመዶቹ ዘንድ ስልክ ጆሮ ላይ የሚዘጋ ባለጌ ተብሎ ስሙ መውጣት ጀመረ። እሱ ይህንን አያውቅም ነበር። ያወቀው የልጁ የሊና ሰርግ ሲደርስ ነው።

ሊና የመጀመሪያ ልጁ ናት። የሀይደር አባት በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት የአባቱ ታላቅ ወንድም ሀጂ ሙዘይን ናቸው፤ ዛሬም ወራቤ አጠገብ ባለች ቀበሌ ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸው እምቢ ስላለ እንደ ድሮው አዲስ አበባ አይመላለሱም። በዚያ ቤተሰብ ግን ሀጂ ያልመረቁት ጋብቻ ግብዣ ይባላል እንጂ ሰርግ አይባልም። እና ምርቃቱን ሊሰጡ ደወሉ። እኔ ሱቁ ውስጥ ዘይት ለመግዛት ቆሜ ስለነበር የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አየሁ።

ሀይደር ተነሳ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው፣ ምርቃት ለብቻ አይሰማም ብሎ። ሀጂ ገና ዱዓ ሲጀምሩ መዳፉን መዘርጋት አለበት፤ ስልኩን ደግሞ የት ያድርገው? ሁለቱን መዳፎቹን እንደሚታጠብ ሰው ገጠማቸውና ስልኩን መሀል አስገብቶ አቀፈው፣ ዓይኑንም ጨፈነ። «አሚን» አለ። «አሚን» አለ ደግሞ። ሀጂ ዝም ካሉ ቆይተዋል። «ሀይደር፣ ተቆርጧል እኮ» ስለው ዓይኑን ገለጠ። ሀጂ ደግመው ደወሉ፤ ልክ ዱዓው ላይ ሲደርሱ ደግሞ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ አልደወሉም። እሱ ሲደውል አያነሱም።

ማታውን በአንድ ዘመድ በኩል መልእክት መጣ። «ምርቃቴን ፊቴ ላይ የዘጋ ሰው ቤት አልመጣም። ሌላ መራቂ ይፈልግ።» ሀጂ አይመጡም ማለት ደግሞ ከዚያ በኩል አንድም ሰው አይመጣም ማለት ነው።

ሀይደርን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሱቁን ይከፍታል፤ ግን የፍሬን ሸራ ለጠየቀው ፊልትሮ ያቀብላል፣ ዋጋ ቀንስልኝ ላለው ይቀንሳል። ደንበኞቹ ግራ ገባቸው። «የመጀመሪያ ጫማዬን የገዙልኝ እሳቸው ናቸው» አለኝ አንድ ቀን ባዶ መደርደሪያ እያየ። «ናቀኝ ብለው ቢሞቱስ፣ ጉግሳ?» ሊና በበኩሏ ቁርጡን ተናግራለች፤ ሀጂ ካልመረቋት ከአባቷ ቤት አትወጣም። የተጠራው ሰው ተጠርቷል፣ ልብሱ ተሰፍቷል፣ የሙሽራው ቤተሰቦች ምን ሆናችሁ እያሉ ይጠይቃሉ።

ሀይደር ራሱ መኪና ይዞ ሊሄድ ተነሳ፤ ሀጂ አይምጣብኝ አሉ። ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሀጂን ለምነው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ይህችን ቃል ይዘው ተመለሱ፦ «በስልክ ያዋረደኝ በስልክ ይካሰኝ። አርብ ከጁምዓ በኋላ እደውልና እመርቃለሁ። ደግሞ ከዘጋብኝ ግን ሰው እንዳይልክብኝ።»

እኔ በሰው ቤተሰብ ጉዳይ መግባት አልወድም። በጋዜጣ አምድ የሚጽፍ ሰው ዳር ቆሞ ማየት ነው ሥራው፤ እንጀራዬም ይኸው ነው። ነገሩ ግን ከነከነኝ። ይህ ኔትወርክ እንዴት ሽማግሌ ለይቶ ይጠላል?

ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ጋራዥ ያላቸው ጋሽ ገብረእዝጊ የሚባሉ ጺማቸው የነጣ ሰው አሉ። አንድ ነገር ልሞክር ነው ብዬ ለሀይደር እንዲደውሉለት ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። መጀመሪያ እኔ ከበሩ ላይ ደወልኩለት። ሀይደር ተቀምጦ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ስልኩን በቀኝ እጁ እንደነገሩ ይዞ «እህ» አለኝ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ዘጋሁና አጠገቡ ሄጄ ስልኩ ላይ ያሉትን የኔትወርክ መስመሮች አየሁ፤ ሙሉ ናቸው። ጋሽ ገብረእዝጊ ደወሉ። ተነሳ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ በቀኙ ከፊቱ ያዘው፤ ግራ እጁ መጣና ከታች ደረበበት፤ ጎንበስ አለ። መስመሮቹ አንድ ባንድ ወረዱ፤ ሰውዬው የጤናውን ነገር ጠይቀው ሳይጨርሱ ተቆረጠ። ከማዶ ድምፃቸው መጣ። «ሀይደር፣ ምን በደልኩህና ትዘጋብኛለህ?» ሙከራ መሆኑን እያወቁ እንኳ ቅር ብሏቸዋል።

«አያያዝህ ነው» አልኩት። «የስልኩ አንቴና ከታችና ከጎን ጠርዙ ላይ ነው የተቀበረው። እዚህ በብረት መደርደሪያ መሀል የሚደርስህ ኔትወርክ ትንሽ ነው። ያቺኑ ትንሿን በሁለት መዳፍህ ታፍናታለህ።»

አላመነኝም። ራሱ እያፈነ፣ እየለቀቀ፣ መስመሮቹ ሲወርዱና ሲወጡ ደጋግሞ አየ። በመጨረሻ ተቀመጠ። «ስለዚህ ባለጌ ብሆን ኖሮ ይሰሙኝ ነበር?» አለ።

«እንደዚያ በለው።»

«ይህን ስልክ የሠራው ሰው ሽማግሌ የለውም እንዴ?»

መላ ልናበጅ ተቀመጥን። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ይሁን አልኩት። «ሀጂን ከኩሽኔታ ጋር ላጋድማቸው?» አለኝ። ጆሮ ላይ የሚሰካው ገመድስ? «ዘፈን እንደሚሰማ ጎረምሳ?» አለና ጭራሽ ተቆጣ። በአንድ እጅ ይሁን እንግዲህ ብለን ልምምድ ጀመርን። ጋሽ ገብረእዝጊ ኩርፊያቸውን ትተው ከማዶ እየደወሉ ሀጂን ሆኑለት። ሀይደር በቀኙ ይይዛል፣ ግራ እጁን ከኋላው ቀበቶው ውስጥ ይሰካል። ሰላምታ ላይ ደህና ነው። «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ላይም ይችላል። ሰውዬው «እግዜር ይባርክህ ልጄ» ሲሉት ግን ግራ እጁ ከቀበቶው ተመንጭቃ ትወጣለች። ያቺ እጅ የራሷ አስተዳደግ አላት። ደግሞስ ዱዓው ሲጀመር ሁለቱም መዳፍ መዘርጋቱ አይቀር።

ስለዚህ ስልኩን ሌላ ሰው መያዝ አለበት። ማን ይያዝ? ሊና አይሆንም፣ የምትመረቀው እሷ ናት። ሸሪፋ ሞከረችው፤ ጋሽ ገብረእዝጊ ገና «እንደምን ነሽ እቴ» ሲሏት በሁለት እጇ እቅፍ። ሸሪፋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጉግሳ ይያዝለት» አለች። «እሱ ማንንም አያከብርም።»

ቅር አላለኝም። እንዲያውም እውነት ነው። እኔ ሚኒስትር ቢደውልልኝ ጥርሴን እየፋቅሁ ነው የማወራው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎደለኝ ነገር ለሥራ አሳጨኝ።

አርብ ደረሰ። ሀይደር ከጁምዓ ሲመለስ በነጭ ጀለቢያው ነበር፤ ፊቱ ግን ፈተና የሚገባ ተማሪ ፊት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ኔትወርክ የሚሻለው መስኮቱ ጋ ስለሆነ እዚያ ሄደን ቆምን። ሊና ሻሿን አስተካክላ ከአባቷ በስተቀኝ፣ ሸሪፋ በስተግራ። እኔ መሀል። ስልኩን ከላይኛው ጠርዝ በሁለት ጣቴ ብቻ፣ የሞተ አይጥ በጅራቱ እንደሚይዝ ሰው፣ አንጠልጥዬ ያዝኩት። ክብር የሌለው አያያዝ ነው፤ መስመሮቹ ግን ሙሉ ናቸው።

ደወሉ። ሀይደር «አቤት ሀጂ» አለ። እጁ ወደ ስልኩ ስትመጣ በዓይኔ መለስኳት። ሀጂ የሚናገሩት በስልጥኛ ነው፤ እኔ ከጎረቤትነት የለቃቀምኩት ስለሆነ ግማሹ ያመልጠኛል። ወቀሳው ግን አላመለጠኝም። ረጅም ነበር። ሀይደር ጎንበስ እንዳለ ሁሉንም ተቀበለ፤ ኔትወርኩ ነው እንኳ አላለም። ከዚያ ሀጂ ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም የሁላችንም ዓይን መስመሮቹ ላይ ተተከለ። አልተቆረጠም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዱዓውን ጀመሩ።

አባት፣ እናትና ልጅ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሀጂ ለሊና ቤት ለመኑላት፣ ልጆች ለመኑላት፣ ባሏ ፊት ሞገስ፣ አማቷ ፊት ፍቅር ለመኑላት። የቀሩትን ደግሞ አልሰማሁም። ክንዴ ዝሏል፤ ትከሻዬ እየተቃጠለ ነው፤ ጣቶቼን ግን አላንቀሳቀስኳቸውም። «አሚን» ባሉ ቁጥር ከወዲያ በኩል የሀጂ ድምፅ ይቀጥላል። ሀይደር ይህንን ሲሰማ ማልቀስ ጀመረ። እንባውን ሳይጠርገው፣ እጁ ተዘርግቶ አለቀሰ። ዱዓው ሲያልቅ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። ሊና የአባቷን እጅ ሳመች። ሀጂ ለሰርጉ እንደሚመጡ፣ ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መኪናው ቀስ እንዲል ተናገሩ።

በዚህ ማብቃት ነበረበት። ሀጂ ግን አንድ ነገር አልገባቸውም።

«ሀይደር፣ ስትመረቅ እጅህን ዘርግተህ ነበር?» አሉት።

«ዘርግቼ ነበር ሀጂ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«ታዲያ ስልኩን ማን ያዘው?»

ሀይደር አየኝ። «ጎረቤቴ ነው። ጉግሳ ይባላል» አላቸው። ሀጂ ወደ አማርኛ ዞሩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አባትህ አሉ ወይ አሉኝ። አርፈዋል አልኳቸው።

«እናትህስ?»

«እሳቸውም የሉም።»

«እስከ አሁን ቆመህ ነው የያዝከው?»

«ቆሜ ነው፣ ሀጂ።»

«እንግዲያስ እኔ ልመርቅህ፣ ልጄ» አሉኝ። «የሰውን ጭንቅ የተሸከመች እጅህ ትባረክ። ቤትህ አይጉደል። ደጅህ ሰው አይጣ። ስትወጣ ስትገባ ክፉ አይንካህ።»

አባቴ ካረፈ ወዲህ የመረቀኝ ሰው አልነበረም፤ የሚመርቀኝም ፈልጌ አላውቅም። ስለ አንቴናው ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። ያስረዳሁት እኔ፣ ያሰለጠንኩት እኔ፣ እጅህን መልስ ስል የከረምኩት እኔ ነኝ። እጆቼ ግን አልጠየቁኝም። «አሜን» ማለቴን አስታውሳለሁ፣ ወገቤ ሰበር ማለቱንም አስታውሳለሁ። ቀና ስል የሀጂ ድምፅ ተቆርጧል፤ ስልኩ በሁለቱ መዳፎቼ መሀል ጥብቅ ተደርጎ ተይዟል።

ማንም አልሳቀም። ሸሪፋ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ኔትወርኩ ነው ከማለት በቀር ምንም አልመጣልኝም፣ እሱን ደግሞ አፈርኩ። ሀይደር ቀስ ብሎ መዳፎቼን ከፈታቸው፣ ስልኩን ከላይኛው ጠርዝ በሁለት ጣቱ አነሳው፣ ደወለ።

«ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አላቸው። «የዘጋብዎት ጎረቤቴ ነው። አክብሮዎት ነው።»